ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሃንሰን (ጁላይ 29 ቀን 1841 – ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 እ.ኤ.አ.) የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያሳወቀ የኖርዌይ ሐኪም ነበር። በዚህም ምክንያት በሽታው የሃንሰን በሽታ ተብሎም ይጠራል። ሃንሰን በ1880 አንዲት ታማሚን ሳያስፈቅድ ሙከራ ስላደረገባት ተከስሶ ተፈርዶበታል፤ ከሆስፒታል ሥራውም ተነሥቷል። ስለዚህ ስሙ ከባክቴሪያ ጥናት ታሪክ በተጨማሪ በምርምር ላይ የሚሳተፉ ሰዎችን ከጉዳት በመጠበቅ ታሪክ ውስጥም ይነሣል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተሰየመው በእሱ ስም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሃንሰን የተወለደው በምዕራብ ኖርዌይ በምትገኘው የበርገን የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ነጋዴ ሲሆን ከአሥራ አምስት ልጆቹ ሃንሰን ስምንተኛው ነበር። የአባቱ ንግድ ስለከሰረ ሃንሰን በዘመኑ ክርስቲያንያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ ሕክምና ሲማር እያስተማረ በሚያገኘው ገንዘብ ራሱን ይረዳ ነበር። ትምህርቱን በ1866 በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቀ። ከዚያም በዋና ከተማው ሆስፒታል ለአጭር ጊዜ ሠራ፤ ቀጥሎም በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ዓሣ አጥማጆችን አከመ። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም ጀመረ። እስከ ዕለተ ሞቱም ከሥጋ ደዌ ጋር ከተያያዘ ሥራ አልተለየም።

የሥጋ ደዌ በበርገን

በ19ኛው መቶ ዘመን የሥጋ ደዌ ከአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ጠፍቶ ነበር። በምዕራብ ኖርዌይ ጠረፍ በሚኖሩ ድሆች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን በብዛት ይታይ ነበር። መንግሥት በ1856 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ብሔራዊ መዝገብ ሲያቋቁም ከ2,500 በላይ ሰዎች በበሽታው ተይዘው ተገኙ። ይህ በአንድ አገር ደረጃ ለአንድ በሽታ ከተዘጋጁት መዝገቦች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በርገንም በሥጋ ደዌ ላይ ያተኮሩ በርካታ ሆስፒታሎች ስለነበሯት ከመላው አውሮፓ ተመራማሪዎች ይመጡባት ነበር።

የከተማዋ ታላቅ ሊቅ ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንኤልሰን ነበር። ዳንኤልሰን ከባልደረባው ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ባሳተመው መጽሐፍ የሥጋ ደዌን ምልክቶችና ዓይነቶች በሚገባ ገለጸ። በሽታው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። ተላላፊ አለመሆኑን ለማረጋገጥም ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በራሱና በሥራ ባልደረቦቹ አካል ውስጥ በተደጋጋሚ አስገብቷል። ማንም አልታመመም፤ ይህም እምነቱን አጠነከረለት። ዛሬ እንደሚታወቀው አብዛኛው ሰው ለሥጋ ደዌ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፤ የሚታመመውም ቢሆን ምልክቱን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የዳንኤልሰን ሙከራ ጥያቄውን ሊፈታው አይችልም ነበር።

ሃንሰን በዳንኤልሰን ሥር እየሠራ በተቃራኒው አሰበ። በጠረፉ መንደሮች እየተዘዋወረ በሽታው በየቤቱ እንዴት እንደሚታይ መዘገበ፤ ከዘር ሐረግ ይልቅ አብሮ መኖርን እንደሚከተልም ተገነዘበ። በ1870 እና በ1871 ወደ ቦንና ወደ ቪየና ተጉዞ በማይክሮስኮፕ የመመርመር ሙያውን አዳበረ። በጃንዋሪ 1873 የዳንኤልሰንን ልጅ አገባ፤ ባለቤቱ ግን በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ።

የባክቴሪያው ግኝት

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1873 ሃንሰን ከአንድ ታማሚ እባጭ የወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በበትር ቅርጽ የተሠሩ ጥቃቅን አካላትን አየ። ናሙናው በማቅለሚያ ያልተነከረ ስለነበር አካላቱን ለይቶ ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በ1874 ግኝቱን በኖርዌይኛ ሲያሳትም አካላቱ የበሽታው መንሥኤ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ ለማለት አልደፈረም። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቀው በ1882 በመሆኑ፣ ሥር የሰደደ የሰው በሽታ ከባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር።

ሃንሰን የጎደለውን ማስረጃ ያውቀው ነበር። ባክቴሪያውን ከአካል ውጭ ማራባት፣ ወይም ወደ ጤነኛ እንስሳ አስገብቶ በሽታውን እንደሚያስነሣ ማሳየት ነበረበት። ባክቴሪያው በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ አልበቅል አለው። በጥንቸሎች ላይ ያደረገው ሙከራም ውጤት አላመጣም። ይህ ችግር የሃንሰን ብቻ አልነበረም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ አልተራባም። በአይጥ የእግር መዳፍ ላይ በመጠኑ ማራባት የተቻለው በ1960 ሲሆን፣ አርማዲሎ የተባለው የአሜሪካ እንስሳ በበሽታው እንደሚያዝ የታወቀው ደግሞ በ1971 ነው።

ከናይሰር ጋር የተነሣው ክርክር

በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሃንሰን በእንግድነት ተቀብሎ ናሙናዎችን ሰጠው። ናይሰር ወደ አገሩ ሲመለስ አዳዲስ ማቅለሚያዎችን ተጠቅሞ ባክቴሪያውን በግልጽ አሳየ፤ የበሽታውን መንሥኤ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎም አሳተመ። ሃንሰን በ1880 ከ1873 ጀምሮ የሠራውን በዝርዝር ጽፎ በተለያዩ ቋንቋዎች በማውጣት መለሰለት። በመጨረሻም ባክቴሪያውን መጀመሪያ ያገኘው ሃንሰን፣ በማቅለሚያ አጉልቶ ያሳየው ደግሞ ናይሰር መሆኑ ተቀባይነት አገኘ። ሆኖም በ1879 መጨረሻ ላይ ክብሩ ወደ ሌላ እየሄደ፣ የመጨረሻው ማስረጃም እንደራቀው ነበር።

የ1879 ሙከራ

ኖቬምበር 3 ቀን 1879 ሃንሰን በሚሠራበት የበርገን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ውስጥ የምትኖር አንዲት የ33 ዓመት ሴት ወደ እሱ ተጠራች። ሴትየዋ ለብዙ ዓመታት የታመመችው በነርቭ ላይ በሚያተኩረውና ቆዳን በሚያደነዝዘው የሥጋ ደዌ ዓይነት ነበር። ሃንሰን እባጭ ከሚያወጣው ከሌላው ዓይነት የተወሰደ ነገር፣ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በሚያገለግል ቢላዋ ወደ ዓይኗ ሽፋን አስገባ። ዓላማው እባጭ ይወጣ እንደሆነ ማየት ነበር። ቢወጣ፣ በሽታው በባክቴሪያ እንደሚተላለፍና ሁለቱ ዓይነቶች የአንድ በሽታ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ለማሳየት ይረዳው ነበር።

ሴትየዋ ስለ ሙከራው ዓላማ አልተነገራትም፤ ፈቃዷም አልተጠየቀም። ያልፈቀደችው ነገር ስለተፈጸመባት ለሆስፒታሉ ቄስ አቤት አለች፤ ቄሱም ጉዳዩን ለባለሥልጣናት አሳወቀ። በሃንሰን ላይ ክስ ተመሠረተ።

ክሱና ፍርዱ

ሃንሰን በፍርድ ቤት ድርጊቱን አልካደም። ፈቃድ ያልጠየቀው ታማሚዋ ሙከራውን እሱ በሚያይበት ዓይን ታየዋለች ብሎ ስላልጠበቀ መሆኑን አስረዳ። አስቀድሞም በበሽታው የተያዘች ስለሆነች ብዙ ተጨማሪ ጉዳት ይደርስባታል ብሎ አላሰበም።

የበርገን ፍርድ ቤት ሜይ 31 ቀን 1880 በሰጠው ውሳኔ ሃንሰን በሆስፒታሉ ከነበረው የሐኪምነት ሥራ እንዲነሣና የፍርድ ቤቱን ወጪ እንዲከፍል አዘዘ። ከ1875 ጀምሮ የያዘውን የመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪምነት ሹመት ግን አልተነጠቀም። ስለዚህ ሕሙማንን በሆስፒታሉ ውስጥ በቅርብ የማከም ሥራው ቀርቶ የአገሪቱን የበሽታ መከላከል ሥራ መምራቱን ቀጠለ።

በሴትየዋ ዓይን ላይ የሥጋ ደዌ እባጭ አልወጣም። ፍርድ ቤቱ የመረመረው ግን የሙከራውን ውጤት ሳይሆን የሐኪሙን መብት ነበር። በዘመኑ ሆስፒታል ውስጥ የሚኖር ድሀ ሕመምተኛ ከታዋቂ ሐኪም ጋር ተከራክሮ የሚረታበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ስለነበር ይህ ፍርድ በሕክምና ታሪክ ልዩ ቦታ አግኝቷል።

ጉዳዩ በምርምር ሥነ ምግባር ዓይን

ዛሬ ሰዎች የሚሳተፉበት ጥናት ከመጀመሩ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያየዋል። ኮሚቴው ከሚመለከታቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ በተሳታፊው ላይ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት በተቻለ መጠን መቀነሱ ነው። የሃንሰን ጉዳይ በሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ የሚጠቀሰው ፈቃድ አለመጠየቁ ግልጽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጉዳትን ለመቀነስ የሚነሡት ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በእሱ ላይ ሊነሡ ስለሚችሉ ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥናቱን ያለ ሰው ማካሄድ ይቻል እንደሆነ ነው። ሃንሰን በዚህ በኩል ሞክሯል፤ የእንስሳት ሙከራው ግን አልሠመረለትም። ሌላ መንገድ መጥፋቱ ችግሩ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ሆኖም ችግሩ የተመራማሪው እንጂ የታማሚዋ አልነበረም፤ መፍትሔው በእሷ አካል ላይ እንዲፈለግ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሙከራው አሠራር ለተሳታፊው አነስተኛ ጉዳት የሚያስከትለው ነው ወይ የሚል ነው። በዓይን ላይ የሚወጣ ለውጥ በቀላሉ ስለሚታይ ዓይን ለተመልካቹ ምቹ ቦታ ነበር። ለታማሚዋ ግን ከሁሉም የከፋው ነበር፤ የሥጋ ደዌ ራሱ ዕውርነትን ከሚያስከትሉ በሽታዎች አንዱ ነውና። ለተመራማሪው የሚመቸውና ለተሳታፊው የማይጎዳው ነገር ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ይህ ምርጫ ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ተሳታፊው እንዴት ተመረጠ የሚል ነው። ሴትየዋ ምግቧንም፣ መኝታዋንም፣ ሕክምናዋንም የምታገኘው ከሆስፒታሉ ነበር። ሐኪሙን እምቢ ብላ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። በእስር፣ በድህነት፣ በሕመም ወይም በሥልጣን ሥር ያሉ ሰዎች በዛሬ መመሪያዎች ልዩ ጥበቃ የሚደረግላቸው እምቢ የማለት አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ነው። አስቀድማ ታማለች የሚለው የሃንሰን ግምትም በዚህ መመዘኛ አይጸናም። የታመመ ሰው ላይ የሚጨመር ጉዳት በጤነኛ ሰው ላይ ከሚደርሰው ይልቅ ሊከብድ ይችላል።

አራተኛው ጥያቄ የጥቅምና የጉዳት ሚዛን ነው። ሙከራው የተሳካ ቢሆን ኖሮ እውቀት ይገኝ ነበር፤ ወደፊትም ብዙ ሕሙማን ይጠቀሙ ነበር። ለሴትየዋ ግን የሙከራው መሳካት ማለት አዲስ እባጭ በዓይኗ ላይ መውጣቱ ነበር። ተመራማሪው የሚመኘው ውጤት ተሳታፊው የሚፈራው ጉዳት ሲሆን፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው ብሎ ለመገመት የሚቀለው ተመራማሪው ነው።

ከዚህ የተነሣ ዋናው ጥያቄ ጉዳቱን ማን ይመዝነው የሚለው ይሆናል። ሃንሰን ጨካኝ ሐኪም በመሆኑ አይታወቅም፤ በሽታውንም በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ በላይ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ወቅት ማስረጃውን አጥብቆ ይፈልግ ስለነበር ለዳኝነቱ ከሁሉም ይልቅ የማይመቸው እሱ ነበር። ታማሚዋ በተለየ ዓይን እንደምታየው ማወቁ ራሱ ሊጠይቃት እንደሚገባ ያሳስባል፤ እሱ ግን ላለመጠየቅ ምክንያት አደረገው። ከጥናቱ ውጤት ጋር ጥቅም የሌላቸው ሰዎች አስቀድመው ጥናቱን እንዲገመግሙ የሚደረገው ይህን መሰል ግምት ለማረም ነው። ግምገማው የሚካሄደው ከሙከራው በፊት በመሆኑ፣ በኋላ ጉዳት አለመድረሱ አስቀድሞ የተወሰደውን አደጋ ትክክል አያደርገውም።

ከበርገን እስከ ዓለም አቀፍ ደንቦች

የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በተመለከተ ከሃንሰን ጋር የተከራከረው ናይሰርም በተመሳሳይ ጉዳይ ስሙ ተነሥቷል። ናይሰር በ1892 የቂጥኝ መከላከያ ፈልጎ ከቂጥኝ ሕሙማን የተወሰደ ሴረም በሌላ ሕመም ወደ ሆስፒታል የመጡ ሴቶችን ወጋቸው። ለሴቶቹ አልተነገራቸውም፤ አንዳንዶቹም በቂጥኝ ተያዙ። ጉዳዩ ሲታወቅ በጀርመን ታላቅ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ናይሰርም ተከስሶ የገንዘብ ቅጣት ተወሰነበት። የፕሩሲያ መንግሥት በዲሴምበር 1900 ባወጣው መመሪያ ለሕክምና ያልታሰበ ሙከራ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ እንዳይደረግ ከለከለ። በሌሎች ሰዎች ላይም ቢሆን ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ተብራርቶላቸው በግልጽ ካልፈቀዱ እንዳይደረግ አዘዘ።

ይህ መመሪያ በዘመኑ ቀዳሚ ቢሆንም ከፕሩሲያ ውጭ ኃይል አልነበረውም። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ካደረሱት ግፍ በኋላ በ1947 የኑረምበርግ ደንብ ወጣ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 የሄልሲንኪ መግለጫን አጸደቀ፤ በኋላም ሲያሻሽለው በገለልተኛ ኮሚቴ መገምገምን ጨመረበት። የአሜሪካው የቤልሞንት ሪፖርት በ1979 ሰውን ማክበርን፣ ጥቅምን አብዝቶ ጉዳትን መቀነስንና ፍትሕን ሦስቱ መሠረቶች አድርጎ አስቀመጠ። በበርገን ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው አቤቱታ ከእነዚህ ሰነዶች ሁሉ ይቀድማል።

የሕዝብ ጤና ሥራውና የኋላ ዘመኑ

ሃንሰን ከፍርዱ በኋላ የበሽታውን ስርጭት በመግታት ላይ አተኮረ። በእሱ ግፊት በ1877 እና በ1885 በወጡት ሕጎች መሠረት የሥጋ ደዌ ሕሙማን በቤታቸው ለብቻቸው ክፍል እንዲኖራቸው፣ ይህ ካልተቻለ በሆስፒታል እንዲቀመጡ ተደረገ። ሕጉ በሌሎች አገሮች ከታየው ሕሙማንን በሩቅ ደሴት ከማስፈር ልማድ ለዘብ ያለ ነበር። ሆኖም የግለሰብን ነጻነት ስለሚገድብ በዘመኑም ተቃውሞ ገጥሞታል። በኖርዌይ የሕሙማኑ ቁጥር በየጊዜው እየቀነሰ ሄደ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከ600 በታች ደረሰ። ለዚህ ቅነሳ ሕሙማንን መለየቱ ምን ያህል እንደረዳና የኑሮ መሻሻሉ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ዛሬም ያከራክራል።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ሃንሰን ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያ የሰፈሩትን ኖርዌያውያን ሕሙማን ጎበኘ። በልጆቻቸው ላይ በሽታውን አለማየቱም በዘር ይተላለፋል የሚለውን አስተሳሰብ ለመቃወም ተጨማሪ ማስረጃ ሆነለት። በ1897 በበርሊን የተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ የእሱን የመከላከል ሐሳብ ተቀበለ። ሁለተኛው ጉባኤ በ1909 በበርገን ሲካሄድ ሊቀ መንበሩ ሃንሰን ነበር። በ1910ም የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ።

ሞቱና መታሰቢያዎቹ

ሃንሰን ለብዙ ጊዜ በልብ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ለሥራ ጉብኝት በወጣበት በፍሎሮ ከተማ በ70 ዓመቱ ሞተ። በበርገን ሐውልቱ ገና በሕይወት ሳለ በ1901 ቆሞለታል። የከተማዋ ጥንታዊ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሕሙማኑ የተመዘገቡባቸው የበርገን የሥጋ ደዌ መዛግብትም በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ስሙ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ለረጅም ዘመን ከጎዳቸው አገሮች አንዷ ናት። በ1965 በአዲስ አበባ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት፣ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር፣ በአለርት አጠገብ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ኢንስቲትዩቱ በምሕጻረ ቃል አህሪ ይባላል። በሥጋ ደዌ ጥናት ጀምሮ በኋላ ሳንባ ነቀርሳን፣ ሌይሽማንያሲስንና ሌሎች በሽታዎችንም ማጥናት ቀጠለ።

በአህሪና በአለርት ሰዎች የሚሳተፉባቸው ጥናቶች ከመጀመራቸው በፊት በምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይታያሉ። ጥናቱ ለተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ ይብራራለታል፤ አልሳተፍም ቢል ወይም ከጀመረ በኋላ ቢያቋርጥ የሚያገኘው ሕክምና እንደማይጓደልበት ይነገረዋል። የበርገኗ ሴት በ1879 ይህ ዕድል አልተሰጣትም ነበር።